የእናቴን ቤት ግድግዳ ከጋዜጣ ያላቀቅሁበት መንገድ

ጎንደር ያለው የእናቴ ቤት ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ሲሆን፣ የሳሎኑ ግድግዳ ነፍስ ሳላውቅ ጀምሮ በዱቄት ሙጫ በተለጠፈ ጋዜጣ የተሸፈነ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ በሦስቱ ግድግዳዎች ላይ የጡብ ሥዕል ያለበት፣ ጀርባው ራሱ የሚጣበቅ ፕላስቲክ ደረብንበት።

አምና በሰኔ ሥራ ለማቃለል ብዬ፣ ፕላስቲክ ያልነካውን አራተኛውን ግድግዳ ጋዜጣውን ሳልነቅል በውኃ በሚበጠበጥ ነጭ ቀለም ቀባሁት። በማግሥቱ የቀለሙ ውኃ ሙጫውን አርሶት ወረቀቱ እዚህም እዚያም አብጦ አደረ፤ የጋዜጣውም ጥቁር ቀለም በነጩ ላይ እየሰረገ ወጥቶ ርእሶቹን ለማንበብ በቃን። ብደርብበትም ያው ሆነ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በኅዳር፣ ነቀላውን ጀመርሁ። ፕላስቲኩን በእህቴ የፀጉር ማድረቂያ ከጥግ ጀምሬ እያሞቅሁ ቀስ ብዬ ስስበው ሳይቆራረጥ ለቀቀ። ለጋዜጣው ግን ውኃ ያስፈልግ ስለነበር፣ በቅድሚያ የክፍሉን መብራት ከቆጣሪው አጠፋሁ። ሲሚንቶ ልስን ቢሆን ኖሮ ለብ ያለ ውኃ በደንብ አጠጥቼው ወረቀቱን በስፓቱላ መግፈፍ በቻልሁ ነበር፤ ጭቃ ግን ውኃ ሲበዛበት ከወረቀቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። ይህን ያወቅሁት የእጅ መዳፍ የሚያህል ልስን ከወደቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ስፖንጁን አጥብቄ እየጨመቅሁ፣ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ብቻ እያራስሁ፣ 10 ደቂቃ ያህል ከጠበቅሁ በኋላ ስፓቱላውን አስተኝቼ ገፈፍሁት። ሥራው የዘገየው ግን በውኃው ብቻ አልነበረም፤ እናቴ እያንዳንዱን የአዲስ ዘመን ገጽ ሳታነብ እንድጥለው አልፈቀደችም።

የተረፈውን ሙጫ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ካልተጠረገ በላዩ የሚቀባውን ያስልጣል። የተሸነቆረውን በሲሚንቶ ልደፍን ስል አንድ አዛውንት ግንበኛ «ልጄ፣ ሲሚንቶና ጭቃ አይዋደዱም፤ ተሰንጥቆ ይለቅሃል» ብለው ከለከሉኝ፤ እኔም በጤፍ ጭድ በተቦካ ጭቃ መረግሁት። ከደረቀ በኋላ ኖራ ቀባሁት። የፋሲል ግንብ ራሱ በድንጋይና በኖራ የተሠራ በመሆኑ ኖራ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ዓይንንና ቆዳን ግን ያቃጥላልና መነጽርና ጓንት ያሻዋል። የመጀመሪያው ዙር ውኃ የመሰለ ስለሆነ ገንዘቤን የጣልሁ መስሎኝ ነበር፤ ሲደርቅ ነጣ፣ በሦስተኛው ዙር ጭቃው ጨርሶ ጠፋ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ በሰኔ የቀባሁት ግድግዳ ነው። ደርቦ የደረቀው ቀለም ውኃ አላስገባ ስላለ በቢላዋ ጫፍ እየጫርሁ ማራስ ነበረብኝ፤ ሦስቱ ግድግዳዎች በአራት ቀን ሲያልቁ እርሱ ብቻውን ሳምንት ፈጀ፣ ግማሹንም እንደገና መረግሁት።