ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊት፦ የካሜራ ልምምዴ እዚህ ደርሷል

ሰርግና በዓል ለምንቀርጽ ሰዎች ዋናው ፈተና አንድ ፍሬም ውስጥ ነው ያለው። ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት፣ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ። ካሜራውን ኦቶ ላይ ከተዋችሁት ነጠላውን ያይና ሁሉንም ያጨልመዋል። ፊቷ ይጠፋል። ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሙሽራ ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ነጩ ይቃጠላል። ሰሞኑን የተለማመድኩት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ይሄን ጉዳይ ነው የሚነካው። የሌንስ ምርጫዬም ሳይቀር።

የምሠራው በሶኒ ኤፍኤክስ 6 ነው። የራሴ አይደለም፤ ሥራ ሲገኝ እንከራየዋለን። ሌላ ካሜራ ያላችሁ ቁጥሮቹን ወደ ራሳችሁ ቀይሯቸው።

ከዜብራ ልጀምር፤ በመቶኛ የመረጣችሁት የብርሃን መጠን ላይ የደረሰውን ቦታ ስክሪኑ ላይ በመስመር የሚያሳየው ምልክት ማለቴ ነው። "ፊት 70 ላይ ይሁን" የሚለው የድሮ ደንብ የፈረንጅ ቆዳ ታይቶ የወጣ ነው። የኛን ሰው 70 ላይ ስትሰቅሉት ፊቱ ይገረጣል፣ ነጠላውም አብሮ ይሄዳል። እኔ አሁን በተለመደው ሬክ 709 (መደበኛው የቴሌቪዥን ቀለም) ስቀርጽ ብርሃን የመታውን የፊት ጎን ነው የማየው። የቀይ ዳማ ከሆነ 60 አካባቢ፣ ጠይም ከሆነ 50 አካባቢ፣ ጥቁር ከሆነ ከ40 እስከ 45። ይሄ ዓይኔ የወደደው እንጂ ሕግ አይደለም። ሁለተኛውን ዜብራ 95 ላይ አድርጌ ለነጠላው ትቼዋለሁ። የሽመናው መስመርና የጥለቱ ቀለም እስከታየ ድረስ ነጩ ከፍ ቢል አልጨነቅም።

ኤስ-ሎግ3 (ቀለሙ ኋላ ኤዲት ላይ እንዲሠራ ምስሉን አደብዝዞ የሚቀርጸው የሶኒ ሎግ) ላይ ግን እነዚህ ቁጥሮች አይሠሩም። እዚያ መካከለኛው ግራጫ 41 ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ነጭ ወረቀት ደግሞ 61 ላይ። ስለዚህ ነጠላው ስክሪን ላይ አመድ መስሎ ይታያል። አትደንግጡ፣ ትክክል ነው። እኔ አንድ ስቶፕ (ብርሃኑን በእጥፍ) ከፍ አድርጌ ነው የምቀርጸው፤ ያኔ ነጩ ወደ 70 ይጠጋል። ምክንያቱ ጥላው ነው። የፀጉር፣ የጥቁር ልብስና የጠቆረ ቆዳ ዝርዝር ሁሉ ታች ነው ያለው፣ ኖይዙም (ምስሉን የሚያሻክረው ነጠብጣብ) እዚያው ነው የሚኖረው። ከፍ አድርጋችሁ ቀርጻችሁ ኤዲት ላይ ስታወርዱት ጥላው ይጠራል። አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ስሜት) ከሁለቱ ቤዞች፣ ማለትም ከካሜራው መነሻ ቁጥሮች፣ አላወጣውም፤ ቀን 800፣ ማታ 12,800።

ሎግ ለሁሉም ሥራ ነው ወይ ካላችሁኝ፣ አይደለም። ደንበኛው ቪዲዮውን በነጋታው የሚፈልግ ከሆነ ኤስ-ሲኔቶን (ቀለሙ ካሜራው ውስጥ ተሠርቶ የሚወጣበት ምርጫ) ላይ አድርጌ እገላገላለሁ። ሎግ ቀርጾ ከለር ለመሥራት ጊዜ ያጣ ሰው ወይ አመድ የመሰለ ሰርግ ያስረክባል፣ ወይ ብርቱካን የመሰለ ሙሽራ። ሁለቱንም በየዩቲዩቡ አይተናል።

አሁን ስለ ቆዳ አንድ ነገር ልበል፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይሄ ስለሆነ። የጠቆረ ፊት ቅርጹን የሚያገኘው ከሚያንጸባርቀው ብርሃን ነው። ጉንጭ፣ ግንባርና የአፍንጫ ጫፍ ላይ የምታዩት ወዝ ነው ፊቱን ከጀርባው የሚለየው። ስለዚህ ተጨማሪ ብርሃን ከመጨመር ይልቅ ሰፊ ብርሃን መፈለግ ይሻላል። መስኮት፣ ነጭ ግድግዳ፣ ካጣችሁም የተዘረጋ ነጭ አንሶላ። ትንሽ ኤልኢዲ ፊት ለፊት ስታበሩ ግንባር ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ብቻ ነው የምታገኙት። ሰፊ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ግን ወዙ በጉንጩ ላይ ይዘረጋል።

ለዚህ ነው ሌንስ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዘውን ቫሪያብል ኤንዲ (ሲያዞሩት ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር) የቀነስኩት። ውስጡ ሁለት ፖላራይዘር ነው ያለው። ፖላራይዘር ደግሞ ነጸብራቅ ያጠፋል፤ ለመኪና መስታወት ጥሩ ነው፣ ለጠይም ፊት ግን ወዙን ይወስድና ፊቱን ጭቃ ያስመስለዋል። በሰፊ ሌንስ እስከ መጨረሻው ካጠበቃችሁት ደግሞ ምስሉ ላይ የኤክስ ቅርጽ ያለው ጥላ ይወጣል። አማራጭ ካላችሁ ጨለማው የማይቀያየር ተራ ኤንዲ ግዙ።

ኤፍኤክስ 6 ኤንዲው ውስጡ አለ፤ ከ1/4 እስከ 1/128 ይሄዳል። ብዙ ይመስላል እንጂ ለኛ ፀሐይ ልኩ ነው። ቁጥሩን አብረን እንሥራው። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ አይኤስኦ 800 ሆኖ፣ ኤፍ 16 ላይ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ትክክለኛው ሹተር፣ ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ 1/800 ሴኮንድ ነው። እኛ ግን 1/50 ነው የምንፈልገው፤ አራት ስቶፕ ትርፍ መጣ። ሌንሱን ወደ ኤፍ 5.6 ስንከፍተው ሦስት ተጨመረ። ሰባት ስቶፕ ማለት ደግሞ 1/128 ነው። እንግዲህ ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ቆሞ ኤፍ 1.8 ማለት ከንቱ ምኞት ነው፣ ሌላ ፊልተር ካልደረባችሁ በስተቀር።

1/50 ለምን አልኩ? እዚህ አገር መብራቱ 50 ኸርትዝ ስለሆነ አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ነው የሚመታው። በሴኮንድ 25 ፍሬም ከ1/50 ጋር ይስማማዋል። 30 ፍሬምና 1/60 አድርጋችሁ አዳራሽ ከገባችሁ ብዙ መብራቶች መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። አሜሪካ ያሉ ልጆች ደግሞ መብራታቸው 60 ስለሆነ በ29.97 ነው የሚቀርጹት። ከዋሽንግተን የመጣ የቤተዘመድ ምርቃት እዚህ 25 ላይ ሲደባለቅ እየተንገጫገጨ ነው የሚሄደው። አስቀድሞ መነጋገር ነው።

ኋይት ባላንስ (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚደረገው የቀለም ማስተካከያ) ላይ አጭር ነኝ፤ ኦቶ አትጠቀሙ። ውጭ 5,600 ኬልቪን። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጧፍ አለ፣ ኤልኢዲ አለ፣ በመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን አለ። 4,300 አካባቢ ቆልፌ እተወዋለሁ። ጧፉ ቢጫ ቢሆን ምን አለበት? ጧፍ ቢጫ ነው።

ወደ ሌንስ። ኪራይ ቤት ስሄድ መጀመሪያ የምይዘው 24-70 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ነው። ቀኑን ሙሉ እሱ ይሠራል። ለቃለ መጠይቅ 85፣ ለጥምቀት 70-200። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ 35 ላይ እቆማለሁ። 24 ይዞ መጠጋት ግን አይሆንም፤ አባትዬውን አፍንጫ ብቻ ታደርጋቸዋላችሁ። ፊትን የሚያጣምመው በእርግጥ ሌንሱ ሳይሆን ቅርበቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምቆምበትን ቦታ እመርጣለሁ፣ ከዚያ ለቦታው የሚሆን ሌንስ።

ኤፍ 1.4 ካልሆነ የሚል ፉክክር ስላለ አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። 85 ሌንስ፣ ኤፍ 1.4፣ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ)፣ ሰውየው ሁለት ሜትር ላይ። ፎከስ ውስጥ የሚገባው 5 ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም። ሰውየው ሳቅ ብሎ ወደፊት ካዘነበለ አመለጠ። ኤፍ 4 ላይ ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ጀርባውም በቂ ብዥታ አለው። ደግሞ ጥልፉ የሚታይ ቀሚስ ለብሳ የመጣች ሙሽራ ጥልፉ እንዲታይላት ትፈልጋለች።

ዙም የምታደርጉ ከሆነ ይሄንንም እወቁ። ብዙ የፎቶ ዙም ሌንሶች አቅርባችሁ ፎከስ አድርጋችሁ ስትርቁ ፎከሳቸውን አይጠብቁም። ለቪዲዮ የተሠሩት ይጠብቃሉ፣ ዋጋቸውም ለዚያ ነው። የስቱዲዮ ካሜራ ላይ የሚገጠሙት ደግሞ ባክ ፎከሳቸው (ከሌንሱ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት) በትክክል መስተካከል አለበት። አንድ ራቅ ያለ ነገር ላይ አቅርቦ፣ መልሶ አርቆ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን የያዝኩት ሁለት ካሜራ ማመሳሰል ነው። ከለር ቻርት ከፊቱ ጎን አስይዤ ሁለቱንም በአንድ ኬልቪን እቀርጻለሁ፤ ግራጫው ይገጥማል፣ ቆዳው ግን አንደኛው ላይ ወደ ቀይ ያደላል። በሶኒና በካኖን አብሮ የሚሠራ ካለ፣ ቀዩን ካሜራው ላይ ነው የምትቀንሱት ወይስ ኤዲት ላይ?