የብድር ገንዘብ ክስ፦ ልደታ ከመድረሴ በፊት የምጨርሰው ሥራ

የብድር ክስ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በችሎት አይደለም፤ ማመልከቻው ሲጻፍ ነው። ስለዚህ ልደታ ፍርድ ቤት መዝገብ ከመክፈቴ በፊት ቢሮዬ ውስጥ የምሠራው ሥራ በችሎት ከምናገረው ይበልጣል።

ደንበኛው "ሰጥቼው ካደኝ" ብሎ ሲጀምር ወሬውን ሳልቀጥል "ወረቀት አለዎት?" እላለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። ዛሬ 500 ብር ሁለት ሰው ምሳ ለመጋበዝም ያንሳል፤ ሕጉ ግን የወጣው በ1952 ነው። ስለዚህ "ሲቆጥርለት አይተናል" የሚሉ አምስት የታመኑ ሰዎች ቢኖሩም ብድሩን በእነሱ ብቻ ለማስረዳት አልሞክርም።

ወረቀት የሌለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የባንክ ማስተላለፊያ ይዞ ይመጣል። ደረሰኙ ገንዘቡ መሄዱን እንጂ ለምን እንደሄደ አይናገርም። ተከሳሹ "ዕቃ ሸጬለት የከፈለኝ ነው" ካለ ክርክሩ እዚያው ይከብዳል። የማስተላለፊያው ምክንያት ላይ "ብድር" የሚል ቢኖርም የጻፈው ላኪው ራሱ ስለሆነ አልመካበትም። ከዚያ ይልቅ ተከሳሹ በቴሌግራም "በሚቀጥለው ወር እመልሳለሁ" ብሎ እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ካለ ንግግሩ እንዳይጠፋ፣ ስልኩም እንዳይሸጥ አደራ እላለሁ። የንግግሩ ፎቶ ብቻ ሲቀርብ "የተቀነባበረ ነው" ለማለት ይመቻል። እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ የብድሩን ጥያቄ አስቀድሜ፣ በአማራጭ ደግሞ በቁጥር 2162 ያላግባብ መበልጸግን፣ ማለትም ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ገንዘብ መጠቀምን፣ አነሣለሁ።

ውል ካለ ዋናውን በእጄ ይዤ አየዋለሁ። ኮፒ አይበቃኝም፤ "ፊርማው የእኔ አይደለም" የሚል መልስ ከመጣ ለፎረንሲክ ምርመራ የሚላከው ዋናው ሰነድ ነውና። ለንጽጽር የሚሆን ፊርማም ቀድሜ አፈላልጋለሁ፦ ተከሳሹ ባንክ ሒሳብ ሲከፍት የፈረመው፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ያስመዘገበው ውል፣ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ መክፈያ ላይ ያለው። ጊዜው ከውሉ ቀን ጋር የተቀራረበ ቢሆን ይመረጣል፤ የሰው ፊርማ በዓመታት ውስጥ ይለወጣል፣ ችሎት ፊት የሚሰጥ ናሙና ደግሞ ሆን ተብሎ ሊዛባ ይችላል። እነዚህ ሰነዶች በእኛ እጅ ስለማይገኙ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 145 መሠረት ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልን በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ የት እንዳሉ ጠቅሼ እጠይቃለሁ።

ተበዳሪው ባለትዳር ከሆነ ሌላ ጉዳይ ይነሣል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68፣ ከ500 ብር በላይ የጋራ ገንዘብ ለማበደር ወይም ለመበደር የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ውሉ ላይ የትዳር ጓደኛው ፊርማ መኖሩን አያለሁ፤ ከሌለ ገንዘቡ ለምን እንደዋለ እጠይቃለሁ። ለቤተሰቡ ጥቅም ከዋለ ሚስትየውን ወይም ባልየውን ሁለተኛ ተከሳሽ አደርጋለሁ። ይህን ዛሬ የዘለለ ሰው ፍርዱን ሊያስፈጽም ሲሄድ የጋራ ንብረት ላይ መቃወሚያ ይጠብቀዋል።

ከዚያ መጻፍ። በፍርድ ቤቱ ዙሪያ የሚጻፉ ብዙ ማመልከቻዎች በምሬት ይጀምራሉ፤ "ወንድሜ ብዬ አምኜው" የሚለው አንድ ገጽ ይፈጃል። እኔ አንድ ፍሬ ነገር በአንድ ተራ ቁጥር ብቻ አሰፍራለሁ፦

1. ከሳሽ ሐምሌ 5 ቀን 2014 ለተከሳሽ 400,000 ብር አበድሯል።
2. ተከሳሽ ገንዘቡን በዚያው ዕለት በባንክ ሒሳቡ ተቀብሏል።
3. ጥር 5 ቀን 2015 ለመመለስ በጽሑፍ ግዴታ ገብቷል።
4. ቀኑ ቢያልፍም አልከፈለም።

እንዲህ የምቆራርጠው ለውበት አይደለም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ጥቅል ክህደት አያዋጣም፤ ተለይቶ ያልተካደ ፍሬ ነገር እንደታመነ ይቆጠራል። አራቱን አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ካጨቅሁለት "ክሱ ሐሰት ነው" ብሎ ያልፋል። ለይቼ ሳቀርብለት ግን ቁጥር 2ን መካድ ከባንክ ማስረጃ ጋር መጋጨት ስለሆነ ማመን ይገደዳል። ያን ጊዜ የሚቀረው ጭብጥ ገንዘቡ ብድር ነው አይደለም የሚለው ብቻ ይሆናል። በመጀመሪያው የክስ መስማት ዳኛው ግራ ቀኙን ስለሚጠይቁ፣ ተከሳሹ በአካል እንዲቀርብ አመለክታለሁ፤ ጠበቃ ብቻ ሲቀርብ "ደንበኛዬን ጠይቄ" የሚል መልስ ይበዛል።

የተጠየቀውን ዳኝነት በቁጥር አስቀምጣለሁ። ወለድ በውል ካልተወሰነ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ በብድር ውል ከ12 በመቶ በላይ መስማማት አይቻልም። በ400,000 ብር ላይ 9 በመቶ በዓመት 36,000 ብር ነው፤ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚታሰብ ካልጻፍኩ ዳኛው ክስ ከቀረበበት ቀን ሊያስቡት ይችላሉ። ውሉ መክፈያ ቀን ከሌለው አስቀድሜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እልካለሁ፣ የደረሰበትንም ማስረጃ እይዛለሁ። ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ 10 ዓመት ነው፤ ተበዳሪው ከዕዳው ላይ ጥቂትም ቢሆን ከፍሎ ከሆነ ስለሚቋረጥ፣ የአንዲት የ2,000 ብር ደረሰኝ ዋጋዋ ትልቅ ነው።

የምስክሮች ዝርዝር ላይ ስምና አድራሻ ብቻ ጽፎ መተው የተለመደ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 223 ግን የሚመሰክሩበትንም ነጥብ ይጠይቃል። "ውሉ ላይ እማኝ ሆነው ፈርመዋል፣ ተከሳሹ ሲፈርም አይተዋል" ብዬ አጠብባለሁ፤ ሰፊ ጭብጥ የተያዘለት ምስክር ለመስቀለኛ ጥያቄ የተመቸ ነው።

ውክልናውን ሰነዶች ማረጋገጫ ከመሄዳችን በፊት ቃል በቃል አነባለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት መክሰስና መታረቅ ልዩ ሥልጣን የሚሹ ናቸው፤ "ገንዘብ ተቀብሎ"፣ "ይግባኝና ሰበር" የሚሉትም ካልገቡ፣ በኋላ ደንበኛው ውጭ አገር ሳለ ሌላ ውክልና ፍለጋ ይጀመራል።

አድራሻ ሌላው መዘግየት የሚፈጠርበት ቦታ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ብዙ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ከተዛወረ ወዲህ ውል ላይ የተጻፈ ወረዳና የቤት ቁጥር መጥሪያ አያደርስም። ክሱን ሳላስገባ ተከሳሹ አሁን የት እንደሚሠራ እንዲጣራ አደርጋለሁ፤ መጥሪያ የመሥሪያ ቤት በር ላይ በቀላሉ ይደርሳል። ከቀጠሮ መቅረት ደግሞ ለከሳሽ አደገኛ ነው፤ ተከሳሹ ቀርቦ ከካደ መዝገቡ ይዘጋል፣ ለማስከፈትም በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት ማቅረብ ያስፈልጋል።

የመጨረሻውን ጥያቄ የምጠይቀው በመጀመሪያው ቀን ነው፦ "ይህ ሰው በስሙ ምን አለው?" የመኪና ሰሌዳ፣ የሚያንቀሳቅሰው ባንክ፣ ቤት ወይም ሱቅ ካለ እመዘግባለሁ። ንብረቱን ሊያሸሽ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካለኝ ከፍርድ በፊት እንዲከበር፣ ማለትም በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲያዝ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 151 እጠይቃለሁ፣ ማመልከቻውንም በቃለ መሐላ አስደግፋለሁ። ደንበኛው "ምንም የለውም" ካለ መክሰሱ የዳኝነት ክፍያውንና የእኔን አበል የሚያወጣ መሆን አለመሆኑን አብረን እናሰላለን።