ካርቦኑን ስጠብቅ ፌሮው ተበጠሰ

ማስተርሴን ጀርመን ስሠራ፣ በካርቦን ፋይበር የተጠናከረ የአርማታ ቢም ላይ ጭነት እያመላለስኩ የሚሰበርበትን ሰዓት እጠብቅ ነበር። ፋቲግ የሚሉት ይህንን ነው። ፌሮ ሠራተኞች ከእኔ በፊት ያውቁታል፤ መቁረጫ ሲያጡ ማሰሪያ ሽቦውን ወዲያ ወዲህ እያጠፉ ይበጥሱታል።

የቢሙን ሆድ ጠጠሩ እስኪታይ በግራይንደር ፋቅኩት፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ 50 ሚሊሜትር ስፋትና 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን የካርቦን ዝርግ በኢፖክሲ ሙጫ ለጠፍኩና አንድ ሳምንት ተውኩት። ጭንቀቴ ሁሉ ሙጫው ላይ ነበር። ስለዚህ አምስት ስትሬን ጌጅ (ምን ያህል እንደተሳበ የሚለካ ስስ መለኪያ) ካርቦኑ ላይ፣ አንድ ብቻ ፌሮው ላይ። እሷም ኮንክሪቱ ሲሞላ ሞተች።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ማሽኑን በሰከንድ 3 ዙር አስነሳሁት። 2 ሚሊዮን ዙር፣ ማለትም ስምንት ቀን ገደማ ይቆያል ብዬ ነበር። ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ፣ 270 ሺህ ዙር አካባቢ፣ አለቀለት። ካርቦኑ ስስ የኮንክሪት ቅርፊት ይዞ ተልጦ ተንጠልጥሏል። በቃ ሙጫው ነው አልኩ፤ ለአማካሪዬም ቸኩዬ እንደዚያው ጻፍኩ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ግን ሳንከፍተው አይጣልም አለ። ኮንክሪቱን ሰብረን ስናይ አንዱ ፌሮ ተበጥሷል። የተበጠሰበት ፊት ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ ለስላሳ ቦታ አለ፣ ቀሪው ሻካራ ነው። ለስላሳው ስንጥቁ ቀስ እያለ የተጓዘበት፣ ሻካራው መጨረሻ ላይ ባንዴ የሄደው። መዝገቡን መልሼ ሳይ ደግሞ ካርቦኑ ከመላጡ በፊት የቢሙ ጉብጠት ድንገት ዘሎ ነበር። ፌሮው ቀደመ፣ ካርቦኑ ተከተለ።

ስህተቴ ከጭነቱ ነበር የጀመረው። ከፍተኛውን ጭነት የተጠናከረው ቢም ባንዴ ቢጫን ከሚችለው 65 በመቶ አደረግኩት። ካርቦኑ ግን ጉልበቱን በደንብ የሚያሳየው ፌሮው መለጠጥ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ሁለት ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ ባለው በእኔ ቢም ሂሳብ፣ የሚሸከመው የቢሙን ሆድ ከሚስበው ኃይል አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ፤ ቀሪው ፌሮው ላይ ነው። የአሜሪካ ኮንክሪት ተቋም መመሪያ፣ ኤሲአይ 440፣ ካርቦኑን እስከ 55 በመቶ አቅሙ ይፈቅዳል፤ የእኔው 14 በመቶ አካባቢ ተዝናንቶ ተቀምጧል። የፌሮውም ከፍተኛ ጫና መለጠጥ ከሚጀምርበት ጫና 80 በመቶ በታች ስለነበር ደህና መስሎኝ ነበር። ፌሮን በፋቲግ የሚገድለው ግን ከፍታው ብቻ ሳይሆን በየዙሩ በላይኛውና በታችኛው ጫና መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ የእኔ 270 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ) ያህል ነበር። ለመንገድ ድልድይ እንዲህ ያለ ስሌት ይዤ ብሄድስ ኖሮ?

ለሁለተኛው ቢም ጌጆቹን በብዛት ፌሮው ላይ አደረግኩ፣ ልዩነቱንም ወደ 160 አወረድኩት። ጉብጠቱ መጀመሪያ ትንሽ ጨመረ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስምንት ቀን ማሽኑ ሲያንቋርር ሰነበተ፤ 2 ሚሊዮን ሞላ፣ ቢሙ አልተነቃነቀም። ከዚያ በኋላ እስኪሰበር ስጭነው፣ ካርቦኑ የተላጠው ምንም ዙር ያላየው ቢም በተላጠበት ጭነት አካባቢ ነው።