መሬት የሚሸፍን ጽጌረዳ በጎንደር ግቢ፦ ልፋቱ የሚያልቀው መጀመሪያ ላይ ነው

መሬት ላይ የሚንሰራፋ ጽጌረዳ አያስቸግርም የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ከሁለተኛው ክረምት ወዲያ። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ከተዘለለ ተክሉ ዕድሜ ልኩን ያስለፋል።

ከሁሉ የሚብሰው ሰርዶ ነው። ችግኝ ከማሰቤ በፊት፣ ግንቦት ላይ መሬቱ ደርቆ ሳለ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በዶማ ገልብጬ ሥሩን በእጄ እለቅማለሁ። ነጣ ያለ፣ አንጓ አንጓ ያለው፣ ጫፉ የሾለ ሥር ነው፤ አንዲት አንጓ ከቀረች ትበቅላለች። የለቀምኩትን ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ እንጂ ኮምፖስት ውስጥ አልጨምርም። የመጀመሪያው ዝናብ የቀረውን ያበቅለዋል፤ ያኔ ደግሜ እለቅማለሁ። እሾሃሙ ቅርንጫፍ ከሸፈነው በኋላ እጅ አስገብቶ ሰርዶ መንቀል ቅጣት ነው።

ችግኝ ጣቢያ ላይ የዝርያ ስም ብዙም ስለማይጻፍ የማየው ቅርጹን ነው፦ ወደ ጎን የሚያዘነብል ቀጭን ቅርንጫፍ፣ ትንንሽ የሚያብረቀርቅ ቅጠል፣ በዘለላ የሚወጣ ትንሽ አበባ። በ1932 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የወጣው «ዘ ፌሪ» እንዲህ ያለ ነው። በረጅም ግንድ ላይ አንድ ትልቅ አበባ የሚያወጣው የአበባ እርሻ ዓይነት ለዚህ አይሆንም። ቀጋችንም ጠንካራነቱ ባይካድም ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ ቦታው አጥር ላይ ነው።

በራሱ ሥር የቆመ ችግኝ እመርጣለሁ። በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተዳቀለ ከሆነ ከሥር የሚወጣው ቡቃያ የሌላው ተክል ነው፤ ካልተነቀለ በጊዜ ብዛት ዋናውን ይውጠዋል። ስለዚህ ከጎረቤት ቁራጭ ለምኖ ማባዛቱ ይሻላል፦ አበባው ገና የረገፈ ቅርንጫፍ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ አራት አንጓ ያለው። የታችኞቹን ቅጠሎች አነሳለሁ፣ እኩል በተቀላቀለ አሸዋና አፈር እስከ ግማሹ እቀብረዋለሁ፣ ጥላ ላይ አኖረዋለሁ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል። እየጎተቱ ማየት ያልጠናውን ሥር ይበጥሰዋል።

የምተክለው ዝናቡ ሲጸና፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ዝም ብሎ ጉድጓድ መቆፈር ኩሬ መሥራት ማለት ነው፤ ሥሩ ይበሰብሳል፣ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ይሆናል። በድንጋይ ከብቤ መደቡን 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደርገዋለሁ። ተዳፋት ላይ ዝቅ ያለ እርከን ይበቃል፤ እንዲያውም ይህ ጽጌረዳ ከሁሉ የሚያምርበት ከእርከን ድንጋይ ላይ ሲንጠለጠል ነው። ጉድጓዱ 40 በ40፣ ከሚመለሰው አፈር ሲሶው በደንብ የበሰበሰ ፍግ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። በችግኝና በችግኝ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር እተዋለሁ፤ ለ10 ካሬ ሜትር 28 ያህል ችግኝ ማለት ነው። አራርቆ መትከል የገንዘብ ቁጠባ ይመስላል፣ ክፍተቱን ግን አረም ይይዘዋል። ቦታው ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ያግኝ፤ ከባሕር ዛፍ ይራቅ።

ለአፈር ልብስ ከበዓል በኋላ የሚጠረገውን ቄጤማ አድርቄ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር አነጥፋለሁ፤ ግንዱን እንዳይነካ ብቻ። ከጥቅምት ጀምሮ ባለው የመጀመሪያው በጋ ለአንድ ተክል በሳምንት 10 ሊትር ውሃ ይበቃዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሥሩ በምስማር ቀዳድቶ በሁለት ተክል መካከል ማስቀመጥ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፤ በመጋቢት ይጠወልጋል። የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ይሆናል፣ በረኪና ካልነካው።

ገረዛው በዓመት አንዴ ነው፦ መስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያባራ። ሁሉንም ወደ 30 ሳንቲ ሜትር መቁረጥ ነው፤ እንደ ትልልቆቹ ጽጌረዳዎች አንጓ መቁጠር የለም። ለጥምቀት አበባ የሚፈልግ ኅዳር አጋማሽ ላይ ጫፍ ጫፉን ይከርክም፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል።

በሐምሌና በነሐሴ ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ይረግፋል። ፈንገስ ነው፤ የረጠበ ቅጠል ይወዳል። መድኃኒት አልረጭም፤ የረገፈውን ጠርጌ አቃጥላለሁ፣ የመስከረሙ ገረዛ አዲስ ቅጠል ያመጣል። በጋ ላይ ለክሽክሽ (ለጋ ቡቃያ ላይ ተሰብስበው ጭማቂ ለሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና እረጫለሁ፣ ማታ ማታ። ከየካቲት በኋላ ቅጠሉ ከገረጣና ከሥሩ ስስ ድር ከታየ ቀይ ሸረሪት ነውና የቅጠሉን ጀርባ በውሃ ማጠብ ነው፤ አቧራማ መንገድ ዳር ያለው ይብስበታል። ፍየል ግን እሾህ አይመልሳትም፤ አጥር ያስፈልጋል።

ክፍተት ከቀረ ችግኝ አልገዛም። ሰኔ ላይ አንድ ረጅም ቅርንጫፍ ወደ ባዶው ቦታ አጎንብሼ፣ አፈር የሚነካውን አንጓ ትንሽ ፍቄ፣ ቀብሬ ድንጋይ እጭንበታለሁ። በቀጣዩ ክረምት ሥር ስለሚይዝ ያኔ ከእናቱ እቆርጠዋለሁ።