ሳቫናን በእግሬ ያየኋት እንዲህ ነው

አትላንታ ለምንኖር ሐበሾች የጆርጂያዋ ጥንታዊ ከተማ ሳቫና ቅርብ ናት፤ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ብትወስድ ነው። ብዙዎቻችን ግን ወንዙ ዳር ፎቶ ተነስተን፣ አይስክሬም በልተን እንመለሳለን። እኔ አሮጌውን ሰፈር በደንብ ማወቅ ስለፈለግኩ ከተማዋን በእጃቸው ከሠሩት ሰዎች ጀመርኩ።

መኪናዬን ዳር አቁሜ በቀጥታ ፈርስት አፍሪካን ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ገባሁ። ሕንፃው ያለቀው በ1859 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የሠሩት በባርነት የተያዙ ምእመናን ናቸው። ቀን የጌቶቻቸውን ሥራ ሲሠሩ ይውሉና ማታ ለራሳቸው ጸሎት ቤት ጡብ ይደረድሩ ነበር። አስጎብኚዋ የምድር ቤቱን ወለል አሳየችን። ጣውላው ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች በአልማዝ ቅርጽ ተበስተዋል። ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ከወለሉ ሥር ይደበቁ እንደነበርና አየር የሚያገኙት በእነዚህ ቀዳዳዎች እንደነበር ነገረችን። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን እንዳያልፋቸው።

ከተማዋን በ1733 የቆረቆራት እንግሊዛዊው ጄምስ ኦግልቶርፕ ነው። በዛፍ ከተሸፈኑት 24 አደባባዮች ዛሬ 22 አሉ። ውበቱ ግን በራሱ አልተረፈም። በ1954 የገበያው አዳራሽ ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ፈረሰ። በዓመቱ ዴቨንፖርት ቤት የሚባለው አሮጌ መኖሪያም ሊፈርስ ሲል ሰባት ሴቶች ገንዘብ አሰባስበው ገዙት። ሰፈሩን የማዳኑ ሥራ የተጀመረው ያኔ ነው።

ማዲሰን አደባባይ ላይ ያለው ግሪን-ሜልድሪም ቤት ለእኔ ልዩ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሸርማን ከተማዋን ከያዘ በኋላ፣ ጥር 1865 ላይ፣ እዚህ ቤት ውስጥ 20 ጥቁር የሃይማኖት መሪዎችን አነጋገረ። ነፃ የወጡት ሰዎች ራሳቸውን እንዴት እንደሚችሉ ሲጠየቁ መልሳቸው መሬት ነበር፤ በገዛ ጉልበታቸው የሚያርሱት መሬት። «መሬት ላራሹ» ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሸርማንም የባሪያ አሳዳሪዎቹ መሬት ለነፃ ወጪዎቹ እንዲከፋፈል አዘዘ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ግን ለቀድሞ ባለቤቶቹ መመለስ ጀመረ። ያበግናል!

ትንሽ ወረድ ስትሉ ቴይለር አደባባይ አለ። ድሮ ለባርነት ይሟገት በነበረው ፖለቲከኛ በካልሁን ስም ነበር የሚጠራው። በ2023 ለሱዚ ኪንግ ቴይለር ተሰጠ። በባርነት ተወልዳ፣ ሳቫና ውስጥ ተደብቃ ፊደል ቆጥራ፣ በኋላ ነፃ የወጡትን ያስተማረች ሴት ናት።

አሁን እንግዳ ሲመጣብኝ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የማዞረው። በበጋ ሙቀቱ ከባድ ስለሆነ ጠዋት እንጀምራለን። ወንዝ ዳሩን ለማታ አቆየዋለሁ፤ መንገዱ ወጣ ገባ ድንጋይ ነውና ባለ ተረከዝ ጫማ አታድርጉ።