ባዶውንም ቢሆን ይውጣ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ስምሪት ላይ ነው የምሠራው። የምከታተለው ከጠባሴ መሃል ከተማ የሚመላለሰውን መስመር ነው። በየ10 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ማለፍ አለበት። ማታ ማታ የሚጻፈው ሪፖርትም «ምልልሱ ተሟልቷል» ይላል፤ ውሸትም አይደለም፣ አውቶቡሶቹ በእርግጥ ተመላልሰዋል። ሕዝቡ ግን ያማርራል። ስብሰባ ላይ ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፦ አውቶቡስ ይጨመርልን።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፌርማታ ላይ ቆሜ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ኅዳር ነበር፤ የኛን አገር የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ገበያተኛው ጋቢና ባናውን ተከናንቦ መንገድ መንገዱን ያያል። 10 ደቂቃ አለፈ፣ 20 አለፈ፣ ምንም የለም። ከዚያ ሦስት አውቶቡሶች ተከታትለው ከች አሉ። የመጀመሪያው ጢም ብሏል፤ በሩ አልዘጋ ብሎ አንድ ማዳበሪያ እህል ግማሹ ውጭ ነው፣ ረዳቱ 200 ብር ይዞ «ዝርዝር ያለው! ዝርዝር ያለው!» እያለ ይጮሃል፣ አውቶቡሱም እዚያው ቆሟል። ሁለተኛው ግማሹ ባዶ ነው። ሦስተኛው ውስጥ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አጠገቤ ዶሮ ይዘው የቆሙ እናት ሦስቱንም አዩና «ልጄ፣ እንዲህ ተያይዘው ከሚመጡ አንድ አንድ እያሉ ቢመጡ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። የፊተኛው በሆነ ምክንያት ሁለት ደቂቃ ይዘገያል፤ ጋሪ ይገባበታል ወይም መልስ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። በዚያች ሁለት ደቂቃ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ሰው ይጨምራል። ሰው ሲጨምር መጫኑ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ይብስ ይዘገያል። የኋለኛው ደግሞ የሚጭነው ስለሚያጣ ይፈጥንና ይደርስበታል። ኒውል እና ፖትስ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ይህንኑ በሒሳብ አሳይተዋል። ዝም ከተባለ እየባሰ ይሄዳል እንጂ በራሱ አይስተካከልም። ስለዚህ ሹፌሮቹን ሰነፍ ብሎ መስደብ ከንቱ ነው።

ቢሮ ስገባ ወረቀት አውጥቼ አውቶቡስ ይጨመር ለሚሉት አሰላሁላቸው። አውቶቡሶቹ እኩል በየ10 ደቂቃው ቢመጡ ሰዓት ሳያይ የወጣ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። እነዚያው አውቶቡሶች አንዱ በ18 ደቂቃ፣ ሌላው በ2 ደቂቃ ልዩነት ቢመጡ ግን አማካዩ ከ8 ደቂቃ ይበልጣል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ፌርማታ የሚደርሰው በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነው። የአውቶቡሱ ቁጥር ያው፣ ነዳጁ ያው። ለንደን ውስጥ በሰዓት 5 እና ከዚያ በላይ አውቶቡስ ባለበት መስመር ዋናው መለኪያ ተሳፋሪው መጠበቅ ከሚገባው በላይ ስንት ደቂቃ ጠበቀ የሚለው ነው። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ተሳፋሪው የፕሮግራም ወረቀት አያይም፣ ዝም ብሎ ይወጣል። ለሱ ቁም ነገሩ ክፍተቱ ነው።

እኛ ጋ ሌላም ነገር አለ። መናኸሪያ ላይ ወደ ደብረ ሲናም ሆነ ወደ አንኮበር የሚሄድ መኪና ሲሞላ ነው የሚወጣው፤ ሁላችንም ያደግነው በዚያ ነው። የከተማ አውቶቡስም መነሻው ላይ ሲሞላ ይውጣ ሲባል ግን መሃል ፌርማታ ላይ የቆመው ሰው የሚገባበት ቦታ አያገኝም፣ ክፍተቱም ገና ከመነሻው ተበላሸ ማለት ነው።

አንድ አንጋፋ ሹፌር ጋ ሄጄ «ጋሼ፣ ሰዓትዎ ደርሷል፣ ይውጡ» አልኳቸው።

«ባዶዬን?»

«አዎ፣ ባዶዎን። ሰው መንገድ ላይ እየጠበቀ ነው።»

«ማታ ገቢው አነሰ ሲባል የሚጠየቀው አንተ ነህ ወይስ እኔ?»

እውነታቸውን ነው። ሹፌርና ረዳት የሚመዘኑት በየአውቶቡሱ የቀን ገቢ ነበር። እንደዚያ እየተመዘኑ ክፍተት ጠብቁ ማለት አይቻልም፤ የፊተኛው ሰው ለመልቀም ይንቀረፈፋል፣ የኋለኛው ለመቅደም ይሮጣል። ከብዙ ንትርክ በኋላ የመስመሩ ገቢ ሁሉ በአንድ ላይ እንዲታይ ተስማማን። ከዚያ በኋላ ነው ሥራው የጀመረው።

ያደረግነው ቀላል ነው። መነሻው ላይ ትንሽ መጠባበቂያ ደቂቃ ተውን፣ የዘገየው እዚያ እንዲያካክስ። መሃል ላይ አንድ ፌርማታ መርጠን ተቆጣጣሪ አቆምን፤ የፊተኛውን የተጠጋ ካለ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ብቻ ይይዘዋል። ከዚያ በላይ ከያዙት ውስጥ ያለው ሰው ይጮሃል፣ ልክም ነው፣ እሱም ሥራ አለው። የፊተኛው ሞልቶ ባዶው ከኋላው ከደረሰ ደግሞ ወራጅ ብቻ ያወርድና ይሄዳል፤ ረዳቱም «ከኋላ ባዶ አለ!» ይላል። መጀመሪያ ማንም አላመነም። «ሁሌ እንደዚህ ትላላችሁ» ብለው በሩ ላይ ይንጠላጠሉ ነበር። ባዶው ወዲያው ሲመጣ ደጋግመው ካዩ በኋላ ግን መጋፋቱ ቀነሰ፣ መጋፋቱ ሲቀንስ ደግሞ አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ የሚቆምበት ጊዜ አጠረ።

አሁን እኚያው ጋሼ መነሻው ላይ ሲደርሱ ቀድመው የሚጠይቁኝ «የፊተኛው ከወጣ ስንት ደቂቃ ሆነው?» ብለው ነው። የምሳ ሰዓት ግን ገና አልተስተካከለም። ሹፌሮቹ አብረው መብላት ስለሚወዱ ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ መስመሩ ጭር ይላል፣ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ይወጣሉ። ምሳውን በፈረቃ እናድርገው እያልኩ ነው፤ ግማሾቹ እሺ ብለዋል።