መልስ ማመሳከር

ዛሬ ደሴ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ የእህቴን ልጅ ስጠብቅ ነበር። የ8ኛ ክፍል ሞዴል ፈተና ነው፤ ሂሳብ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ብርዱ አይጣል ነው። ልጆቹ ግን ማን ብርድ አስታወሳቸው! ገና ከበሩ ሳይወጡ «17ን ስንት አልክ?» ተጀመረ።

ጥያቄዋ ይቺ ናት። 500 ብር የነበረ ጫማ 20 በመቶ ጨመረ፤ ከዚያ 20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ስንት ነው? አብዛኞቹ «ያው 500 ነዋ!» አሉ። አንዷ ልጅ ግን «ወላሂ 480 ነው» ብላ ድርቅ አለች። ሳቁባት። እስክሪብቶዋን አውጥታ መዳፏ ላይ ጻፈችላቸው። 100 ሲጨመር 600 ሆነ። ቅናሹ ግን የሚሰላው ከ600 ላይ ነው፤ 120 ይሆናል። ሳቁ ቀጥ አለ። የአንዱ ልጅ ፊት ሲጠቁር አየችና «አብሽር፣ አንድ ጥያቄ እኮ ናት» አለችው። እንዴት ደስ እንዳለችኝ!

«ከፈተና በኋላ መልስ አታመሳክሩ» የሚሉ ወላጆች አሉ። ከሰዓት ሌላ ፈተና ካለ እውነታቸውን ነው። ግን ሂሳብ እንደዚያ ሰዓት የሚገባበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። ወረቀት ሲመለስ ልጅ የሚያየው ማርኩን ነው። በር ላይ ግን ማርክ ገና የለም፤ «ለምን?» ብቻ ነው ያለው።

የእኛዋ 500 ብላ ነው የመለሰችው። እስከ ቤት ድረስ በ300፣ በ1000 ብር እያደረገች ስትሞክረው መጣች። ከየ100 ብሩ 4 ብር እንደሚጎድል ራሷ ደረሰችበት።